ቡናውን ያፈላችውም ትቀመጥ

በስዊድን መሥሪያ ቤቶች በቀን ሁለቴ ሥራ ቆም ይላል። ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ 9 ሰዓት። ፊካ ይሉታል። ቡና አለ፣ ከቡናው ጋር የሚቀመስ ጣፋጭ አለ፣ ወሬ አለ። በቃ ይኸው ነው። ስለ ስዊድን ሰው ቢጠይቀኝ ግን ከደመወዙም ከመንገዱም በፊት የማነሳው ይህንኑ ነው።

የምሠራው ስቶክሆልም ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሥራው ከባድ ነው። ሰው ማንሳት አለ፣ ሰው ማጠብ አለ፣ ማታ ያጫወቱህ አዛውንት ጠዋት አልጋቸው ባዶ ሆኖ መግባት አለ። ወደ 9 ሰዓት ሲጠጋ ግን ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። የቡና ማሽኑ ማንጠባጠብ ይጀምራል። የቀረፋ ዳቦው ከምድጃ ይወጣል። ይህን ዳቦ ሊጡን ዳምጠው፣ ቅቤና ስኳር ከቀረፋ ጋር ቀብተው፣ ጠቅልለው ቆራርጠው ነው የሚጋግሩት። ሊጡ ውስጥ የተፈጨ ሄል ይገባል። ሄልና ቀረፋ አንድ ላይ ሲሸት ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የቅመም ሻያችን ሽታ ነው። የልጆቻቸው ስም እንኳ የጠፋባቸው አንዲት እናት አሉ። ያ ሽታ ሲመጣ ቀና ይላሉ። ማንም ሳይመራቸው ተነስተው ወንበራቸውን ይይዛሉ።

ዳቦው የራሱ ቀን ሁሉ አለው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 4 ይከበርለታል። ለዳቦ ቀን ያወጣ ሕዝብ ስለ ትንሽ ደስታ ቀልድ አያውቅም ብዬ አምናለሁ።

ጠዋት የፊካው ተራ የእኛ የሠራተኞቹ ነው። ጠረጴዛው ላይ ኃላፊዋም፣ ነርሷም፣ ወለል የሚያጸዳውም ይቀመጣሉ። ስለ ሥራ ማውራት ይቻላል፣ ግን ግዴታ አይደለም። ማንም ሰዓቱን እያየ አይሳቀቅም፤ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ሰዓት ሕጋቸው በሥራ መሃል የሚወሰድን አጭር ዕረፍት ከሥራ ሰዓት ይቆጥረዋል። ዓርብ ዓርብ አንድ ሰው በተራው ኬክ ይዞ ይመጣል። ከጠጡ በኋላ ሁሉም ሲኒውን ራሱ ያጥባል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ወጥ ቤት ውስጥ «እናትህ እዚህ አትሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። የእኛዋ ኃላፊ እጅጌዋን ሰብስባ ስታጥብ መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንዴት እንደደነቀኝ አልረሳውም። ልቀበላት ብድግ ስል «ተቀመጪ፣ ቡናሽ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ይህን ያህል የሚወዱትን ቡና አንድ ጊዜ ከልክለውት ነበር። በ1756 እ.ኤ.አ. ስዊድን ቡናን በሕግ አገደች። እገዳው እየተነሳ እየተመለሰ እስከ 1820ዎቹ ዘለቀ። በእኛም ዘንድ እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ብዙ ክርስቲያን ቡናን የሌላ እምነት መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ዛሬ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን።

ቡና በቡናነቱ ከተነሳማ የእኛን የሚያህል የለም። ይህን የምለው አገሬ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እዚህ ማሽኑ ያንጠባጥባል፣ ትቀዳለህ፣ ትጠጣለህ። እዚያ ቡናው ታጥቦ ዓይንህ እያየ ይቆላል። ምጣዱ ወደ አንተ ሲዞር ጢሱን በእጅህ ወደ ፊትህ ትስባለህ። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ከከሰሉ ላይ ይጨሳል። ፈንዲሻ ወይ ቆሎ ይቀርባል። አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናው ረጋ ያለ፣ በረካው ደግሞ ቀጥኖም ቢሆን ምርቃት ስላለው አይታለፍም። ጎረቤት «ኑ ቡና ጠጡ» ተብሎ ይጠራል። እዚህ ግን አንድ ፎቅ ላይ ለዓመታት የኖሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን የቤት ሲኒ አያውቁም። ፊካ ሥራ ቦታ ላይ ያቀራርባል፤ ማታ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይገባል። ይህ ብቸኝነት ሰው ሲጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ። መጦሪያችን ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ ከእኛ ከሠራተኞቹ ሌላ ጠያቂ የላቸውም።

ታዲያ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን የመሰለ ቡና እያለን መሥሪያ ቤት ስንገባ እንሰርቀዋለን።

አዲስ አበባ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። 4 ሰዓት ላይ ሠራተኛው ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል። ባለጉዳይ መጥቶ ሲጠይቅ «ኮታቸው እዚህ ነው፣ አሁን ይመጣሉ» ይባላል። ከክፍለ አገር ተነስተው የመጡ አባት ኮሪደር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰውዬው ቡና መጠጣቱ ነውር አይደለም። ሰዓቱ ስለማይታወቅ ግን እሱም በሰቀቀን ይጠጣል፣ ባለጉዳዩም ይጉላላል። ከ4 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከሩብ የቡና ሰዓት ነው ተብሎ በሩ ላይ ቢለጠፍ እኚያ አባት ታች ወርደው እሳቸውም ፉት ይሉ ነበር።

ከዚህ የባሰውም አለ። ስደት ሳልወጣ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ሻይ ቡና የምታቀርብ ልጅ ነበረች። ትሪ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች። መጀመሪያ ለሥራ አስኪያጁ፣ ቀጥሎ ለክፍል ኃላፊዎች፣ ከዚያ ለእኛ። ጣቷ ከከሰልና ከሙቅ ውኃ ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር። እሷ ተቀምጣ ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። ቤትም ቢሆን ያው ነው። ሦስቱም ዙር እስኪያልቅ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ የምትቀዳው፣ በመጨረሻ ሲኒ የምትለቀልቀው አንዷ ናት። የሌላው ደስታ በእሷ ጉልበት ላይ ይቆማል።

በስደት ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶብናል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዶቼ ሁለት ሥራ ይሠራሉ። ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ፣ መኪና ውስጥ፣ ትራፊክ መብራት ሲይዛቸው ነው የሚጠጡት። ቤሩትና ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ እህቶቻችን ዘንድ ግን ሌላ ነገር ነው። ለብዙዎቹ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያገኙት ዕለት አንዷ ቤት ተሰብስበው ጀበና ይጥዳሉ። ለእነሱ ያ ቡና ትንሽ ደስታ ነው ለማለት አልደፍርም።

ስለ ፀሐይም ልበል። ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም ውስጥ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። የከሰዓቱ ፊካ ጨለማው ሲገባ ነው የሚደርሰው፤ በየመስኮቱ መብራት ይደረደራል፣ ጠረጴዛው ላይ ሻማ ይበራል። መጋቢት አካባቢ ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ ሰዉ ከየቢሮው ይወጣና ግድግዳ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ይሰጣታል። እኔም አብሬያቸው እቆማለሁ። በኅዳር ጠዋት ከቤታችን ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የሞቅነው ፀሐይ ትዝ ይለኛል። አያቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አዲስ አበባ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ከመስታወቱ ሕንፃ ወጣ ብላችሁ ሙቋት።

ይህን ሁሉ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ለምትሠራ ጓደኛዬ ስልክ ላይ አጫውቻት ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኛም እንሞክረዋ» አለች። ክፍላቸው ውስጥ እንደ ዕቁብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብር ያዋጣሉ፤ ቡናው፣ ስኳሩና ከሰሉ ከዚያ ይገዛል። 4 ሰዓት ላይ ለሩብ ሰዓት ሁሉም ይቀመጣል፣ ባለጉዳይ እንዳይጉላላ አንድ ሰው በተራ መስኮቱ ላይ ይቀራል። ቡና የምታፈላው ልጅ የመጀመሪያውን አቦል ከእነሱ ጋር ተቀምጣ ትጠጣለች። ሲኒ ማጠቡ በየተራ ነው፣ ወንድ ሴት የለም። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰዎች «ይሄማ አይሆንም» ብለው አኩርፈው ነበር። አሁን የክፍል ኃላፊው ሳይቀሩ ያጥባሉ።

የቀራቸው ክርክር የመስኮቱ ተራ ነው። ዓርብ ማንም መቅረት አይፈልግም፤ ዓርብ ዓርብ አንዷ ከቤቷ ድፎ ዳቦ ይዛ መምጣት ጀምራለች።