ይላግ ወይስ ይቀየር? እባካችሁ አንድ ሰው ይለካ!

ስለ ፍላይዊል፣ ማለትም ከሞተሩ ጀርባ ስለሚዞረውና የፍሪሲዮኑ ዲስክ ስለሚጣበቅበት ከባድ ክብ ብረት፣ አስተያየት የሌለው ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ውፍረቱን የሚለካ ሰውም እንደዚሁ አጣሁ። ብሶቴ ይኸው ነው፤ ሥራ ያለበት ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ቢያቆም አልቀየምም።

መኪናዋ አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ ናት፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ትሠራለች። መስመሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መሃል ላይ ያለው የጣርማ በር ዳገት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። ስትወርድ ፍሬንህን ይበላል፣ ስትወጣ ፍሪሲዮንህን። ክረምት ላይ ዋሻው አካባቢ ጉሙ ሲወርድ፣ ፊትህ የተጫነ ተሳቢ እየተንፏቀቀ፣ ኋላህ ሌላው ጡሩምባ እየነፋ፣ አንተ በግማሽ ፍሪሲዮን ተንጠልጥለህ ትቀራለህ። ይኼኔ ከደብረ ሲና የገዛውን ቆሎ የሚቆረጥም ተሳፋሪ «ሾፌር፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» ይልሃል። ፍሪሲዮን ነዋ! አራት ጆንያ ሽንኩርት «ቀላል ናት» ብለህ ያስጫንከው አንተ አይደለህ እንዴ?

እና መኪናዋ ስትነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ወረደ። የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቆ ሽፋኑን የያዘው ሪቬት ፍላይዊሉን ቦርቡሮታል፤ ክብ ክብ ጭረት፣ ሰማያዊ ነጥብ ነጥብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅም አለበት።

ከዚያ ጉባኤው ተጀመረ።

የጋራዡ አለቃ ገና ከሩቅ እያየው «ቀይረው» አለ። መለዋወጫ የሚሸጠው የሚስቱ ወንድም መሆኑን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። አጠገባችን ሻይ የሚጠጣ ሾፌር «በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አርገህ ግጠመው፣ ምን ያስጨንቅሃል» አለ። ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ስወስደው ደግሞ ባለሙያው ሳይነካው «መስታወት አደርግልሃለሁ» አለኝ።

«ጌታው፣ ስንት ሚሊ ልትላግ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እስኪጠራ ድረስ።»

እስኪጠራ ድረስ! ሰውዬው የሚያወራው ስለ ጠላ ነው ወይስ ስለ ብረት? ሳይጠራ ውፍረቱ ቢያልቅስ? ይኸ ፍላይዊል እኮ ከእኔ በፊት በስንት ባለቤት እጅ አልፏል፤ ስንቴ እንደተላገ የሚያውቅ የለም። አምራቹ ከዚህ በታች አትውረዱ ያለው የውፍረት ልክ አለው። እሱን ልክ ሳታይ፣ ያለውን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያው) ሳትለካ፣ «ይላጋል» ማለትም «አይላግም» ማለትም እኩል ግምት ነው።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ከኮሌጅ የወጣ ልጅ አለ፤ የራሱን ካሊፐር ከቦርሳው አወጣ። አለቃው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አንተ ልጅ፣ እሱን አስቀምጥና 14 ቁልፍ አምጣ!»

ምጣድ የሚገዙ እናቶቻችን እንኳ በጣታቸው መትተው፣ ድምፁን አዳምጠው፣ ስንጥቁን ፈልገው ነው የሚገዙት።

ለምን እንደምጨነቅ ላልገባችሁ፦ ፍላይዊል ከልክ በላይ ሲላግ ዲስኩን ፍላይዊሉ ላይ ጭኖ የሚይዘው ፕሬሸር ፕሌትም አብሮ ወደ ሞተሩ ይጠጋል፣ ፔዳል ስትረግጥ ፕሌቱን የሚገፋው ሪሊዝ ቤሪንግ ግን የድሮ ቦታው ላይ ይቀራል። መሃላቸው ሲሰፋ ፔዳሉን ወለል ድረስ ብትረግጥም ፍሪሲዮን በቅጡ አይለቅም፣ ማርሽ ይንኳኳል። ፊቱ ብቻ ሲላግ ደግሞ የዲስኩ መሃል ፍላይዊሉን ከሞተሩ ክራንክሻፍት ጋር ወዳሰሩት ብሎኖች ይቀርብና ሊፋጭ ይችላል። የቀጠነ ብረት ሙቀትም አይችልም፤ ጣርማ በርን ለሚወጣ ሰው ይኸ ቀልድ አይደለም። ፊቱና ጠርዙ እኩል ያልሆነ፣ ደረጃ ያለው ፍላይዊል ከሆነማ ፕሬሸር ፕሌቱ የሚታሰርበት ጠርዝም በዚያው ልክ ካልወረደ ጭኖ የሚይዘው ጉልበት ይለወጣል። ይኸን ለቶርኖው ሰው ስነግረው «ማነህ አንተ፣ ኢንጂነር ነህ?» አለኝ።

ሰማያዊዎቹ ነጥቦች ደግሞ ብረቱ ግሎ ግሎ የጠነከረባቸው ቦታዎች ናቸው። የቶርኖ ቢላ እነሱ ላይ ሲደርስ ይዘላል፣ ጉብታ ጥሎ ያልፋል። ላዩ ሲያብለጨልጭ ተደስተህ ትገጥማለህ፣ መንቀጥቀጡ ግን ይመለሳል። ለዚህ የሚሻለው በሚሽከረከር ድንጋይ የሚሞርደው ማሽን ነው። የታለ? «አዲስ አበባ።»

ስንጥቁን በተመለከተ ከማንም ጋር አልከራከርም። ላይ ላዩን ከሆነና ሲላግ ከጠፋ ጥሩ። ወደ ውስጥ ከገባ፣ ብሎን ቀዳዳ ወይም ጠርዝ ከደረሰ ግን ይጣላል፣ አለቀ። በሺህ ዙር የሚሽከረከር ብረት ሲፈነዳ የካምቢዮውን ቤት በስቶ ነው የሚወጣው። ዶልፊን ላይ ደግሞ ሞተሩ ያለው መቀመጫዬ ሥር ነው፤ የት እንደሚመጣ አስቡት።

«ታዲያ አዲስ ግዛና ገላግለን» ትላላችሁ። በምን? ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ስትጠይቅ ሻጩ መጀመሪያ ስልኩን ያያል። «ኦሪጅናል» የሚባለውና «ኮፒ» የሚባለው ካርቶናቸው አንድ፣ ማኅተማቸው አንድ፣ ልዩነቱ ሻጩ ሲምል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ አለ፤ እሱም ሌላ ሰው ዳገት ላይ ያቃጠለው ይሆናል፣ ያው መለካት ሊኖርበት ነው። ዞሮ ዞሮ ካሊፐር!

የሚያናድደኝ ደግሞ ካምቢዮ የማውረድ የእጅ ዋጋ ቢላግም ቢቀየርም ያው መሆኑ ነው። አዲስ ዲስክ በተበላሸ ፍላይዊል ላይ ገጥመህ ከተመለስክ ያንኑ የእጅ ዋጋ እንደገና ትከፍላለህ፣ ዲስኩንም ታጣለህ። ጋራዡ ምን ቸገረው? ካምቢዮው በወረደ ቁጥር ይከፈለዋል። የሞተሩ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የኋላ ኦይልሲል እያንጠባጠበ እንኳ «እሱ ሌላ ጊዜ» ሊሉኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ማለት ሌላ ክፍያ ነዋ!

አሁን ፍላይዊሉ በጆንያ ተጠቅልሎ ቤቴ ተቀምጧል። ልጁን ከሥራ ሲወጣ ጠርቼው ዙሪያውን አራት ቦታ ለካልኝ፤ ውፍረቱም እኩል አይደለም። ቁጥሩን ጽፌ ይዣለሁ፤ የቀረኝ የአምራቹ ልክ ነው። የዶልፊን የጥገና መጽሐፍ ያላችሁ ያቺን ገጽ ፎቶ አንሱልኝ። ደብረ ብርሃን ወይም ሸኖ በድንጋይ የሚሞርድ ማሽን ያለው ቤት የምታውቁም ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትሉ ነጋዴዎች ግን አትድከሙ፣ እዚሁ ሰው ፊት ጻፉት።