ለጅማ ቀይ አቧራ የሚታጠበው ፊልትሮ አያዋጣም

የቡና ጭነት ወቅት ሲደርስ በጅማ የመለዋወጫ ሱቆችና በሹፌሮች መካከል አንድ ወሬ አብሮ ይነሳል። የወረቀቱን የአየር ፊልትሮ አውጥቶ በዘይት የራሰ፣ የሚታጠብ የጥጥ ፊልትሮ ያስገባ ሰው ጉልበት ያገኛል፣ ናፍጣ ይቆጥባል፣ ዳግመኛም ፊልትሮ አይገዛም ይባላል። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ላማረረው ባለንብረት «አንዴ ገዝቶ መገላገል» የሚለው ጆሮ ይስባል። ይህ ፊልትሮ ግን ለናፍጣ ጭነት መኪና፣ በተለይ በእኛ አካባቢ ለሚሠራ፣ የሚበጅ ዕቃ አይደለም።

መጀመሪያ የጉልበቱን ነገር እንይ። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ የሚመጠነው በሚገባው አየር ነው። የናፍጣ ሞተር እንዲህ አይደለም፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጨምረው የሚረጨው ናፍጣ ሲሆን አየሩ በደህና ጊዜ ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ይገባል። ናፍጣው ሳይጨመር አየር ብቻ ቢበዛ ጉልበት ከየትም አይመጣም። ቁጥሩም ይኸው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 101 ኪሎፓስካል ወደ 82 ገደማ ይወርዳል። ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ ከዚህ ላይ የሚቀንሰው ከ1 እስከ 2 ኪሎፓስካል ያህል ነው። የጥጡ ፊልትሮ የዚህን ግማሽ ቢመልስ እንኳ ከፍታው ከወሰደው 19 ኪሎፓስካል አንዱን መለሰ ማለት ነው። የግቤን አቀበት ኩንታል ጭኖ ለሚወጣ ሹፌር ይህ በእግሩ የሚሰማው ልዩነት አይደለም።

«እኔ ቀይሬ ለውጡን አይቻለሁ» የሚል ብዙ ነው፤ ሰዎቹም አልዋሹም። ያወጡት ፊልትሮ ግን የታፈነ አሮጌ ነበር። የታፈነ ፊልትሮ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፣ አቀበት ላይ ማርሽ ያስቀንሳል፣ ናፍጣ ያስበላል። በቦታው አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ቢገባም ያው ለውጥ ይታይ ነበር።

ዋናው ጉዳይ አቧራው ነው። 4.3 ሊትር ሞተር ያለው አይሱዙ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲሠራ በየደቂቃው 5,000 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ቡናው የሚነሳው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። መኪናው በዓመቱ ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሠራውና ከጎማ፣ ከጌራና ከሊሙ ኮሳ ወረዳ ቀበሌዎች ወደ አስፋልቱ የሚያወጡት የፒስታ መንገዶች ቀይ ዱቄት የሚሆኑት በአንድ ወቅት ነው። ሞተር የሚበላው በዓይን የሚታየው ጠጠር አይደለም፤ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የሆነው ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ በፒስተን ሪንግና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ካለው ስስ የዘይት ሽፋን ጋር ይመጣጠናል፤ እዚያ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ተርቦ (አየሩን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) ካለ ደግሞ የአየሩን መግፊያ ክንፎች ጠርዝ ይሸርፋል። ቀጥሎ ዘይት መብላት፣ ከሞተሩ መተንፈሻ ጭስ መውጣት፣ በጠዋት ለመነሳት ማስቸገር ይመጣል። ከዚያ ሞተር ይወርዳል።

የፊልትሮ መመዘኛው አይኤስኦ 5011 ይባላል። የታወቀ አቧራ ይነፋበትና የያዘውና ያሳለፈው ይመዘናል። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከ99.5 እስከ 99.9 በመቶ ይይዛል፤ በዘይት የራሰው ጥጥ ብዙ ጊዜ ከ96 እስከ 98 ላይ ነው። ሦስት በመቶ ትንሽ ይመስላል። በግራም ስናየው ግን፣ ፊልትሮው ጋ አንድ ኪሎ አቧራ ቢደርስ የ99.9ኙ 1 ግራም ሲያሳልፍ የ97ቱ 30 ግራም ያሳልፋል። ሠላሳ እጥፍ።

ማጠቡም እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ፊልትሮው በራሱ ሳሙና ታጥቦ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ ኮምፕሬሰር ከተነፋበት ጥጡ ይቀደዳል። ዘይቱ ሲያንስ አቧራ ያልፋል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ተስቦ በአዳዲስ ፒክአፖች ላይ ያለውን የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር ያቆሽሻል። በቡና ወቅት መኪናውን ለማድረቅ የሚያቆም ባለንብረት የለም፤ በክረምት ደግሞ በጅማ እርጥበት መድረቁ ራሱ ችግር ነው።

ይህን ስንል «ከመኪናው አምራች ሳጥን ካልወጣ አትግዙ» ማለታችን አይደለም። የጭነት መኪና ፋብሪካዎች ፊልትሮ በአብዛኛው ራሳቸው አይሠሩም፤ እንደ ዶናልድሰን፣ ማን ፊልተርና ማህለ ካሉ አምራቾች ይገዛሉ። የእነዚህ ፊልትሮ በራሱ ሳጥን ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ሥራውም አይጎድልም። ስለዚህ ተመሳሳይ የወረቀት ፊልትሮ መግዛት ያዋጣል። የሚያሳስበው ስም የሌለው ወይም የታወቀ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ነው፤ እሱንም ሱቁ ውስጥ ሆኖ መለየት ይቻላል።

አሮጌውን ይዞ መሄድ ይገባል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ቁመቱንና የውስጥ ቀዳዳውን ማስተያየት ነው። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ካጠረ ማሰሪያው ዳዶ እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም የፊልትሮው ማሸጊያ ጎማ የቤቱን ግድግዳ አይነካም፤ አየሩም ወረቀቱን ትቶ በዚያ ክፍተት ያልፋል። ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት፦ ለስላሳ ሆኖ ወዲያው ካልተመለሰ ይቅር። የወረቀቱ እጥፋቶች ርቀታቸው እኩል መሆን አለበት፤ በጣት ሲገፉ የሚጋደሙ ከሆነ ሞተሩ ሲስባቸው ተጣብቀው ግማሹ ወረቀት ሥራ ያቆማል። በመጨረሻ የስልክ መብራት ወደ ውስጥ አስገብቶ በጨለማ ቦታ ማየት ነው። ወረቀቱ በስሱ ይበራል፤ ነጥብ ሆኖ ፈንጥቆ የሚወጣ ብርሃን ግን ቀዳዳ ነው።

ጥሩ ፊልትሮ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጎሚስታ ቤት ነው። ረዳቱ በየጉዞው ፊልትሮውን አውጥቶ ጎማ በሚሞላበት ኮምፕሬሰር ያስነፋል። የማጠራቀሚያው ግፊት 8 ባር ሊደርስ ይችላል፤ ወረቀቱ የሚችለው 2 ባር ያህል፣ እሱም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ጫፉ ሳይጠጋ ነው። ከጎማ ጋር እያጋጩ ማራገፍ ደግሞ የብረት ክዳኑን ያጣምማል። በዚያ ላይ የወረቀት ፊልትሮ ላዩ ላይ አቧራ በያዘ ቁጥር ብናኙን ይበልጥ ይይዛል፤ በየቀኑ ማንጻት ያንን መልሶ ያስወግዳል፤ መክፈትና መዝጋቱም ራሱ አቧራ ወደ ንጹሑ ወገን ያስገባል። መቼ መለወጥ እንዳለበት የሚናገረው የመታፈን ጠቋሚ ነው። ከፊልትሮው ቤት በኋላ ባለው ቱቦ ላይ የሚታሰር ትንሽ ዕቃ ሲሆን ቀይ ሲያሳይ ይቆለፋል። ተርቦ ለሌለው ሞተር ገደቡ 5 ኪሎፓስካል፣ ላለው 6 ገደማ ነው። ጭኖ አቀበት ሲወጣ ያሳየው ነው የሚታመነው፤ ቆሞ ሲንኮራኮር ያሳየው ምንም አይናገርም። ቡና መፈልፈያ ግቢ ሞተር ሳያጠፉ መጫን ገለባውን እያስሳበ ፊልትሮውን በሰዓታት ሊያፍነው ስለሚችል እዚያ ሞተር ይጥፋ።

ፊልትሮው ምንም ያህል ቢጠራ ከሱ በኋላ ያለው ቱቦ ከተሰነጠቀ ዋጋ የለውም። ፊልትሮው ሲወጣ በንጹሑ ወገን ያለውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ቀይ ከመጣ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቱቦውን ውስጡን አጽድቶ ስስ ግሪስ መቀባትና አንድ ሁለት ቀን ሠርቶ እንደገና መክፈት ነው፤ አቧራው ግሪሱ ላይ የተለጠፈበት ቦታ ከየት እንደገባ ያሳያል። ከፊልትሮው ቤት ሥር ያለችው ከንፈር መሰል ጎማም ትታይ፦ ከደረቀች ወይም ከወደቀች በዚያ በኩል አቧራ ይሳባል። የቱቦ ማሰሪያዎችም በየዘይት ለውጡ ይጥበቁ።

ከባድ መኪኖች ላይ ከውጪው ፊልትሮ ውስጥ ሌላ ቀጭን ፊልትሮ አለ። አንዳንድ መካኒክ «አየር ያንቃል» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ውስጠኛው የውጪው ሲቀደድ ሞተሩን የሚያተርፍ ነው። አይነፋም፣ አይታጠብም፤ የውጪው ሦስት ጊዜ ሲለወጥ እሱ አንዴ ይለወጣል። ከዚያ በፊት ቀይ ሆኖ ከተገኘ የውጪው ፊልትሮ በየት በኩል እንዳሳለፈ ሳይታወቅ መኪናው አይነሳ።