በረካው ላይ

«ፈረንሳዮች ቀዝቃዛ ናቸው» የሚባለው ነገር ለእኔ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሊዮን ከተማ ከገባን በኋላ ከፎቁ ሰዎች ጋር ዓመት ሙሉ ከ«ቦንዡር» ሰላምታ አላለፍንም (እሱንም ሳይሉ ዳቦ ቤት መግባት ነውር ነው!)። በሩን የከፈቱልን ልጆቻችን ናቸው። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ስለሌላቸው የክፍል ጓደኞቻቸው እኛ ቤት መክሰስ ይበላሉ፤ እናቶቹ ሊወስዷቸው ሲመጡ ቡና አፍልቼ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን በረካው ላይ «ቩ» ቀርቶ «ቱ» ተባባልን፤ ከእርስዎ ወደ አንቺ መሻገር በሉት። እ.ኤ.አ. በ1999 ፓሪስ ላይ በተጀመረው የጎረቤቶች በዓል ደግሞ እንጀራና ምስር ወጥ ይዤ ግቢ ወረድኩ። የሦስተኛ ፎቋ አዛውንት እንጀራውን በሹካ ሲታገሉ አይቼ አጎረስኳቸው። ዘንድሮ ያለ ቀጠሮ ያንኳኳሉ፤ ፈረንሳይ ውስጥ!