‹ሁ›ን ላሰናበታቹ ሁሉ

ድሮ የኔታ ፊት የተቀመጠ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚማራቸው ሁለት ፊደላት ነበሩ፤ ‹ሀ› እና ‹ሁ›። እስቲ አስቡት፣ ከ231ዱ ሁለተኛዋን መርሳት ምን ያህል ብርታት ይጠይቃል? ‹ፔ›ን የረሳ ሰው ምንም አላደረገም፤ እሷ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ናት፣ ማንም ሰነፍ ይረሳታል። ሁለተኛዋን መርሳት ግን ተሰጥኦ ነው። ‹ሀ ብሎ ጀመረ› ይባል የለ? የእኛ ጀግኖች ሀ ብለው ጀመሩና እዚያው ላይ ‹በቃን› አሉ።

ስለዚህ በፌስቡኩም በቴሌግራሙም ‹እወድሻለው›፣ ‹አመሰግናለው›፣ ‹ነገ እመጣለው› እያላችሁ ለምትጽፉ ወገኖቼ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ይቅርታ፣ እጅ እነሳለው።

ነገሩን ተራ የፊደል ግድፈት አድርገው የሚያዩ የዋሃን አሉ። ጥበቡ አልገባቸውም። ‹ምሳዬን በላሁ› ያለ ሰው በልቷል፣ ጠግቧል፣ አለቀ። ‹ምሳዬን በላው› ያለ ግን ተበልቶበታል፤ ወዳጅ ዘመድ ‹ማነው የበላብህ?› ብሎ ሊያጽናናው ይገባል። አሁን ይህን ከምሳ አውጥታችሁ ወደ ቢሮ ውሰዱት። አንድ ሒሳብ ያዥ ድንገት ጸጸት ይዞት ‹የማኅበሩን ገንዘብ በላው› ብሎ ቢናዘዝ ኦዲተሩ ምን ያደርጋል? በላተኛውን ፍለጋ ይወጣል እንጂ! ሰውየው ግን ተናዟል፤ ኅሊናው ንጹሕ ነው። ‹ሁ› እኮ ተናጋሪውን የምታጋልጥ አቃጣሪ ነበረች። ጥፋት ሲመጣ ‹እኔ ነኝ› ማለት ለሚከብደን ለእኛ፣ ከዚህ የተሻለ ሰዋስው ከየት ይገኝ ነበር?

ብድር ላይማ ጥበቡ ይረቃል። ‹ገንዘብህን ነገ እመልሳለው› የሚለውን ልብ በሉ። መነሻው ላይ ‹እ› አለች፤ ተበዳሪው አለሁ ይላል። መድረሻው ላይ ግን ‹አለው› ነው፤ ያለው ሌላ ሰው ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ዕዳው እጅ ቀየረ! እኔ በበኩሌ እንዲህ ተጽፎልኝ የተመለሰልኝ ብር ትዝ አይለኝም።

በዓል ሲደርስ ደግሞ ‹እንኳን አደረሳቹ›። ‹ችሁ› ሁለት ፊደል ትፈጃለች፣ ‹ቹ› አንድ ይበቃታል፤ በዚህ የኑሮ ውድነት ቁጠባ ነው። የተቆጠበው ቦታም ባክኖ አልቀረም፤ ከኋላ ለተሰለፉት ዘጠኝ ቃለ አጋኖዎች ተሰጥቷል።

ይህን ከሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ጋር እንዳታምታቱብኝ። እዚያ ላይ እኔም ዳኛ አይደለሁም፤ የሚለዩት በግዕዙ ነው፣ ዛሬ በአፋችን ‹ሀ›ም ‹ሐ›ም ‹ኀ›ም አንድ ናቸው። እንዲያውም ሀብት ነው። ‹ፀሐይ›ን ውሰዱ፤ ለ‹ፀ› ሁለት ምርጫ፣ ለ‹ሐ› ከነ‹ሃ›ዋ ከነ‹ኃ›ዋ ስድስት፤ ሲባዛ 12 ፀሐይ። የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት ነን የምንል ሕዝብ፣ የራሷን ፀሐይ ያጣችው ጳጉሜን ብቻ ናት ማለት ነው። ብቻ አንዳንዴ ይህ ሀብት ጣጣ ያመጣል። ‹ድኅነት› መዳን ነው፣ ‹ድህነት› ማጣት ነው። አንዱ ለታመመ ጎረቤቱ ‹ፈጣሪ ፈጥኖ ድህነትን ይስጥህ› ብሎ ሲጽፍ፣ ከሥሩ ‹አሜን፣ አሜን› ይዥጎደጎዳል። ጸሎቱ መሰማቱን ለማወቅ ገበያ ወጥቶ የጤፍ ዋጋ መጠየቅ ይበቃል።

ፊደሉን ጨርሰው ትተው አማርኛውን በላቲን የሚጽፉትንስ? እነሱ ታማኞች ናቸው። ጥንት የእጅ ስልኩ ግዕዝ አያውቅም ነበርና የግዳቸውን ጀመሩት። ግዕዝ በአውሮፓውያኑ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ቆይቶም የላቲኑን ሆሄ ሲነኩት ፊደሉን ራሱ የሚያወጣ ኪቦርድ መጣ። እነሱ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። አክስቴ ከነዚህ አንዷ ናት። ‹አባባ መጡ› ብላ በላቲን ዱባይ ላለችው ልጇ ጻፈች። በላቲኑ ‹ጠ› እና ‹ተ› አንድ ናቸውና ልጅት ያነበበችው ‹አባባ መቱ› ነው። ማንን መቱ? እማዬን ነው? በምን? የአሠሪዋን ልጆች አስተኝታ፣ ተደብቃ እስክትደውል ድረስ አባባ ቡናቸውን ጠጥተው ጋደም ብለው ነበር።

ይህን ጽሑፍ ሳልለቀው በፊት ለአንድ ወዳጄ ላክሁለት። ወዲያው መለሰ፤ ‹አነበብኩት፣ በጣም ስቄያለው። አንዳንዱ ላይማ ራሴን አየው።›

‹ማን አየው?› ብዬ ጻፍሁለት። እስካሁን ዝም ብሏል፤ ሰውየውን እያፈላለገ ሳይሆን አይቀርም።