ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ታገኘዋለህ

ሰው የማያውቀውን ሰፈር እንዴት እንዲህ በልበ ሙሉነት ያሳያል? ዛሬ ጠዋት ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩበትን ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣሁ፣ ከተማው ውስጥ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ትናንት በሄድኩበት መንገድ ዛሬ ስሄድ ራሱ ሌላ ቦታ ነው የምወጣው። አንድ ክራቫት ያሰረ፣ ሲያዩት የሚታመን ሰውዬ አቁሜ ጠየቅኩ። ለአፍታ እንኳን አላሰበም። እጁን ዘረጋና "ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ከዛ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ከዛ ዝም ብለህ ውረድ፣ ታገኘዋለህ፣ ገባህ?" አለኝ። ገባኝ አልኩ። ምንም አልገባኝም፣ ግን ክራቫት ላሰረ ሰው አልገባኝም ይባላል እንዴ? ሄድኩ፣ ታጠፍኩ፣ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ያገኘሁት ጋራዥ ነው። ጋራዡ በር ላይ የቆመው ልጅ ደሞ ምንም ሳያቅማማ የመጣሁበትን መንገድ መልሶ አሳየኝ፣ እሱም "ገባህ?" ብሎ። ስልኬንማ ተዉት፣ እሱ አንድ ግንብ ፊት አቁሞኝ "ደርሰዋል" ብሎኛል፣ ቢያንስ አንቱ ይለኛል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፣ እውነት ነው አይናፍቅም፣ ያበግናል እንጂ።

ይቺን "ገባህ?" የምትባል ነገር ስልጠና ላይ መጀመሪያ የከለከሉን እሷን ነው። "ገባችሁ?" ብለህ ስትጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አዎ!" ይልሃል፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አዎ የሚለው ደሞ ያልገባው ልጅ ነው፣ ስለዚህ በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲያስረዳህ አድርግ ተባልን። ከጠየቅክ በኋላ ደሞ ጠብቅ ተባልን። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ድምፅ እየሰማች ስታጠና አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ አካባቢ ብቻ ሆኖ አገኘችው፣ ከዛ ወይ ራሱ ይመልሳል ወይ ሌላ ልጅ ይጠራል። ሦስት ሰከንድና ከዛ በላይ ሲጠብቅ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም ይቀንሳሉ። ሦስት ሰከንድ ምን አላት አትበሉ፣ እስቲ ሰው ፊት ቆማችሁ ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ። እኔ የሞከርኳት ቀን ከኋላ ወንበር "ቲቸርን አመመው እንዴ?" ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

ይሄን ሁሉ የሚነግሩን ሰዎች ራሳቸው ግን... እሺ፣ ስለ ሱፐርቫይዘሬ ላወራ ነው፣ ቂም ነው፣ አልክድም። ሳስተምር ሊያየኝ የመጣ ቀን መንገድ ጠፋበት። ሰው ጠይቆ ነው የጠፋው (ምናልባት ያንኑ ክራቫቱን ሰውዬ)። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው፣ እሱ የገባው 25 ደቂቃው ካለፈ በኋላ ነው፣ ላቡን እየጠረገ ኋላ ተቀመጠ፣ ቅጹን አወጣ፣ መጨረሻ ላይ "ትምህርቱ መግቢያ የለውም" ብሎ ማርክ ቀነሰብኝ። መግቢያው እኮ እሱ ጋራዡ ጋ እያለ አለቀ! ይሄ አልበቃ ብሎት "ሰዓት አጠቃቀም" የምትለው ላይም ቀነሰ። ሰዓት አጠቃቀም! እሱ! እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ያን ቀን ምነው አፌን ምን ያዘው እላለሁ፣ የያዘውማ ያ ቅጽ ነው።

ከተረት ሁሉ የምወደው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" የሚለውን ነው። አጭር ነው፣ ማንንም በስም አይጠራም፣ ግን የተባለለት ሰው ያውቀዋል። አሁን አሁን ሳየው ግን መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ የጠመጠመ ነው የሚመስለኝ። ለንደን ውስጥ የጥቁሯ ታክሲ ሹፌር ለመሆን ወደ 25,000 ጎዳና በቃል ማጥናት የግድ ነው፣ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፣ እነዚህን ሹፌሮች ያጠኑ ሰዎች አእምሯቸው ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ቦታ የምናስታውስበት ክፍል፣ የኋለኛው ጫፉ ከሌላው ሰው ሰፍቶ አግኝተውታል። መንገድ ዳር ለሚያመላክተኝ ሰው ግን ፈተና የለው፣ ማርክ የለው፣ አላውቅም ቢል የሚቀነስበት ነገር የለው። "አላውቅም" አምስት ፊደል ናት እኮ። ቀጥ ብለህ ሂድ ከማለት አትረዝምም።

ለማንኛውም ሁለተኛው ፔሬድ ላይ ደረስኩ። የዛሬው ትምህርት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አቅጣጫዎች። ጫማዬ አቧራ ለብሶ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ ስታዞሩ ግራችሁ ሰሜን፣ ቀኛችሁ ደቡብ ነው እያልኩ ሰሌዳው ላይ ቀስት ስስል አንዷ ትንሽ ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ፀሐይ ሁሌ እዛው ቦታ ላይ ነው የምትወጣው?" አለችኝ። እኔ እንኳን ሦስት፣ አንድ ሰከንድም አልጠበቅኩም፣ እጄን በመስኮቱ ዘርግቼ "አዎ፣ ሁሌ እዛው!" አልኩ፣ ቀጥሎ ደሞ "ገባችሁ?"

"አዎ!"

ትክክል ምሥራቅ ላይ የምትወጣው በዓመት ሁለቴ እንደሆነ፣ በፈረንጆቹ ማርችና ሴፕቴምበር ላይ፣ ሌላውን ጊዜ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ጠጋ ብላ እንደምትወጣ ትዝ ያለኝ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ነው። ያቺ ልጅ ደሞ ቤቷ መስኮት ላይ ሆና አይታው ይሆናል የጠየቀችኝ። ነገ አስተካክላለሁ፣ ትምህርት ቤቱን ካገኘሁት።