የሁለት ብር ድብ

«አብሽር፣ ዝርዝር የለም፤ ለልጆች ያዝላቸው!» ደሴ ፒያሳ ላይ ሳሙና የገዛ ሰው የሁለት ብር መልስ ሲጠብቅ መዳፉ ላይ ድብ ይቀመጥለታል። ቀይ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ሲጎትቱት የሚለጠጥ የጄሊ ድብ። ልጅ የሌለውም ለልጆች ይዞ ይገባል። ድሮ መልሱ ማስቲካ ነበር፤ አሁን ሹመት አግኝቶ ካርቱን ሆኗል። ገንዘብ ነው ከተባለ ግን፣ ነገ ዐሥር ድብ ቆጥሮ «ዳቦ ስጠኝ» የሚል ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን።

ድቡ ጥፋት የለበትም። ሐንስ ሪገል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1922 ቦን ላይ ሲያወጣው (የከረሜላ ኩባንያው ስም ሃሪቦ የእሱና የከተማው ስም ቁራጭ ነው) ድብ መምረጡ ብልሃት ሆኖለታል። ጄሊው የሚፈሰው በበቆሎ ስታርች ዱቄት ላይ በማኅተም ተጭኖ በወጣ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እዚያው አንድ ቀን ያህል አድሮ ይረጋል፣ ዱቄቱ ይራገፍለታል፣ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ዘይት ወይም ሰም ይቀባል። የዱቄት ጉድጓድ ቀጭን ነገር አይዝም። ድብ ደግሞ አንገት የለው፣ ጢም የለው፣ ድብልብል ነው። የካርቱኑን ድመት ቶምን በዚህ መንገድ ልሥራ ያለ ጢሙን ያጣል፤ የሌላው ካርቱን፣ የስፖንጅቦብ፣ እግር ሲወጣ ይቀነጠሳል። ስለዚህ ፊት ፊቱን ብቻ ያወጡና ዓይኑን በሌላ ቀለም ያፈሱበታል፤ ጠብታዋ ትንሽ ከተንሸራተተች ስፖንጅቦብ ሸውራራ ሆኖ ይወለዳል። ልጆች እንደሆኑ ሸውራራውንም በስሙ ይጠሩታል። ዲዝኒ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1985 ነገሩን ገልብጦ ከከረሜላው ድብ የካርቱን ተከታታይ ሠርቷል። ቤት እሠራለሁ የሚል ካለ ሎሚውን መጨረሻ ላይ ይጨምር፤ ጄሊውን የሚያረጋው ጄላቲን ከሎሚ ጋር አብሮ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል፣ ድቡም ሾርባ ሆኖ ይቀራል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። እንደዚህ ተረት የምወደው የለም። ጄሊው ውስጥ ግን ላሟ ወርዳለች። የሚያለጥጠው ጄላቲን፣ ከመቶ ግራም 7 ግራም ያህሉ፣ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ሸዋ በር ያሉት ሙስሊም እናት የሐላል ምልክት ይፈልጋሉ። ክርስቲያኗ ጎረቤታቸው ደግሞ ረቡዕ ቀን ሽሮ በልተው፣ ልጁ የተወውን ግማሽ ድብ አፋቸው ውስጥ ጣል ያደርጋሉ፤ ጾሙ በድብ ፈረሰ። መድኃኒቱ ማሸጊያውን ማንበብ ነበር፦ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ኢ 441 የሚል ከተጻፈ ጄላቲን ነው። ፔክቲን ከሆነ ከፍራፍሬ ልጣጭ ነው፤ ጥርስ ላይ ቁርጥ ይላል እንጂ አይለጠጥም። ለመልስ የሚሰጠው ግን ማሸጊያ የለው፣ ጽሑፍ የለው። ከጠርሙስ በጣት ተቆንጥሮ ነው የሚወጣው፤ ያውም ብር ሲቆጥር በዋለ ጣት! ይህስ ቀልድ አይደለም።

ኮምቦልቻ ሌላ ጣጣ አለ። ጄላቲን 35 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ አፍ ውስጥ የሚሟሟውም ለዚህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ድቡም፣ ቶምም፣ ስፖንጅቦብም ተቃቅፈው አንድ ሥጋ ይሆናሉ። ፌስታሉ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ብርድ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይረጋል፣ መልኩን ግን አያገኘውም። ሦስት ዓይን ያለው ቢጫ ጓል ይሆናል።

ሐረጎ ከተነሳ የሚኒባሱ ረዳትም አይረሳ። «መልስህን ስትወርድ እሰጥሃለሁ» ይላል፤ ሲወረድ በሩ ተዘግቶ መኪናው ሄዷል። እሱ ቢያንስ ድብ አይሰጥም፤ ሲወስድ ወሰደ ነው።

ስለ ሁለት ብሩ ነበር። የረጋውን ጓል ይዞ «ይኸው፣ ብሬን» የሚል ቢመጣ ባለሱቁ «የተከፈተ አንመልስም» ይላል። ሳይታሸግ የተሰጠ ምኑ ይከፈታል?