እንጀራ ተትቶ ዳገት አይወጣም

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ጠመዝማዛ በመኪና የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። በእግሩ የሞከረው ግን ዶሮ መዝለያ አካባቢ ሲደርስ ጉልበት ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። እኔ የገባኝ አምና አንድ ቅዳሜ ነው። ከሩጫ ጓደኞቼ ጋር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ ተነስተን ዳገቱን ተያያዝነው። ትንፋሼ ደህና ነበር፣ ልቤም ደህና ነበር፤ እግሬ ግን በድንገት አልታዘዝ አለኝ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ያለ ምክንያት ሆድ ባሰኝ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት አዩኝና፣ ሳልጠይቃቸው፣ ስኳር ሦስት ማንኪያ ጨምረው አቀበሉኝ። ከጎኑ እፍኝ የገብስ ቆሎ። «አብሽር ልጄ፣ ርሃብ ነው» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም እናቴ፣ ምግብ ስለቀነስኩ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ እሱ ምን ይባላል?» ብለው ሳቁብኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንጀራ አልቀመስኩም ነበር። ነገሩን ያመጣው ከመካከላችን አንዱ ነው፤ ስልኩ ላይ ያየውን ቪዲዮ ይዞ መጣ። ካርቦሃይድሬት የተወ ሰው ቦርጩ በወር ውስጥ ይጠፋል፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ሁሉም ይቅር። እኔ ከ40 ያለፍኩ፣ ቀኑን ወንበር ላይ የምውል፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሶምሶማ የምል ሰው ነኝ። ሚዛኑ 79 ኪሎ ይላል። ሞከርኩት። በአሥር ቀን 76 ገባሁ፣ ቀበቶዬም አንድ ቀዳዳ ጠበበ። ከዚያ በኋላ ማን ይችለኛል? ቢሮ ውስጥ ላገኘሁት ሁሉ ስለ እንጀራ ክፋት ስሰብክ ሰነበትኩ።

ያ 3 ኪሎ ምን እንደነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሰውነታችን ከእንጀራው የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል። እንደ ሰውየው ግዝፈት ጡንቻ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ግራም፣ ጉበት ውስጥ ደግሞ ቢበዛ 100 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህ ክምችት ደረቁን አይቀመጥም፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ጎተራው ሲራቆት ውሃውም ተከትሎ ይወጣል። 400 ግራም ግላይኮጅን ቢያልቅ ከነውሃው 1.6 ኪሎ ከሚዛኑ ላይ ጎደለ ማለት ነው። እኔ ቦርጬ ቀለጠ ብዬ ስኩራራ፣ ከቀነስኩት ውስጥ ግማሹ ያህል በሽንት ቤት የሄደ ውሃ ነበር።

ከዶሮ መዝለያው ጉድ በኋላ ቤቴ ገብቼ ሽሮ በእንጀራ እስክጠግብ በላሁ። በሁለት ቀን 2 ኪሎ ተመለሰ። «አያችሁ፣ እንጀራ ያወፍራል» የሚባለው እንግዲህ እዚህች ላይ ነው። ሒሳቡን ብንሠራው ግን 2 ኪሎ ስብ ለማከማቸት ሰውነቴ ከሚፈልገው በላይ 15,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መጉረስ ነበረብኝ። ያን ያህል ሠርግ ቤትም አልበላም። የተመለሰው ጎተራው ነው፣ ከነውሃው።

እውነት ለመናገር፣ ካርቦሃይድሬት መቀነስ ክብደት አይቀንስም አልልም። በፈረንጆቹ 2018 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት 609 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለ12 ወር ተከታትሏል። ከምግባቸው ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ ቀነሱ፤ ተመራማሪዎቹም ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም አሉ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ ሩጫ የማያምረው ሰው እንጀራውን ቢቀንስ መንገዱ ነው፤ አልከራከረውም። የእኔ ክርክር ከሚሮጠው ጋር ነው። ሁለቱም መንገድ እኩል የሚያደርስ ከሆነ፣ ለምን ዳገት ላይ የሚጥለውን ይመርጣል?

በእኛ አገር ደግሞ ዳገቱ ብቻ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ በሳሳ ቁጥር ያው የለመድነው ፍጥነት ለሰውነት ይከብደዋል፤ ሲከብደው ደግሞ ከስብ ይልቅ ወደ ስኳሩ ያደላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስብ ተቃጥሎ ያንኑ ጉልበት እንዲሰጥ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል። በፈረንጆቹ 2017 በእርምጃ ውድድር አትሌቶች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ካርቦሃይድሬት ትተው በስብ የሰነበቱት ስብ ማቃጠሉን ተክነውበታል፤ ግን ለዚያው ፍጥነት የሚፈጁት ኦክስጅን ጨመረ፣ ካርቦሃይድሬት ሲበሉ የሰነበቱት የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸውን ሲያሻሽሉም የእነዚህ ሳይሻሻል ቀረ። እነዚያ ኦክስጅን በሞላበት አገር ነው የተራመዱት። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የሚሮጥ ሰው ኦክስጅን የሚያባክንበት ምን ትርፍ አለው?

ምክሩን በቪዲዮ የሚያድሉን ሰዎች የዘነጉት ሌላም ነገር አለ፤ ወሎ ይጾማል። ቪዲዮው «እንጀራውን ተውና እንቁላል፣ አይብ፣ ሥጋ ብላ» ይላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ዓመቱን ሙሉ አሉ ማለት ይቻላል። በጾም እንቁላሉም ሥጋውም የለም። እንጀራውም ከቀረ ገበታው ላይ ምን ይተርፋል? ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ እንኳ አብዛኛው ካርቦሃይድሬት ነው። ያን ቪዲዮ ያመጣው ጓደኛችን ሁዳዴን በጎመንና በአቮካዶ ሊገፋ ሞክሮ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ሰው ሲሳደብ ተያዘ። የባሕርይ ችግር አልነበረበትም፤ ርቦት ነው።

ረመዳን ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አብሮኝ የሚሮጥ ሙስሊም ወዳጄ ቀኑን ሙሉ ጾሞ በጾሙ መጨረሻ 2 ኪሎ ይጨምራል፤ በየዓመቱ ይገርመዋል። እኔን አይገርመኝም፣ ምክንያቱም እሱ ቤት አፍጥሬ አውቃለሁ። ቴምሩና ሾርባው አይደለም ያወፈረው፤ ከዘይት የወጣው ሳምቡሳ ተቆጥሮ አያልቅም።

እንግዲህ ዘይቱን ካነሳሁ አይቀር። አንድ ሊትር ዘይት ውስጥ ከ8,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ አለ። አራት ነፍስ ያለበት ቤት በሳምንት አንድ ሊትር ከጨረሰ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 300 ኪሎ ካሎሪ ከዘይት ብቻ ደረሰው ማለት ነው። ሩጫ ደግሞ በግርድፉ ለአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ያስወጣል። እኔ 75 ኪሎ ሆኜ በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ብሮጥ 2,250፣ ለቀን ሲካፈል 320 ገደማ። የሳምንቱን ሩጫዬን ዘይቱ ብቻውን ይውጠዋል። በዚያ ላይ ቡናው አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በስኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር ከሆነ በአንድ ረከቦት 100 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በቀን ሁለቴ የሚፈላበትን ቤት እናንተው አስሉት። ቡና ይቅር የሚል ጽሑፍ ወሎ ውስጥ የሚጽፍ ደፋር የለም፣ እኔም አልጽፍም። ስኳሩን ግን በረካ ላይ ስደርስ ትቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ሌላኛው ወገን እንዲደሰት አይደለም። እሱ ደግሞ «የኛ አትሌቶች ዓለምን ያሸነፉት በእንጀራና በገብስ ነው» እያለ ሁለተኛውን እንጀራ የሚዘረጋው ነው። በፈረንጆቹ 2011 የታተመ ጥናት የአሥር ታላላቅ ኢትዮጵያውያን ሯጮችን ገበታ ለአንድ ሳምንት መዝኖ፣ ከሚያገኙት ጉልበት 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት መሆኑን አግኝቷል፤ በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደታቸው 9.7 ግራም። ነገር ግን እነሱ ሩጫ ሥራቸው ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ሯጭ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል፤ በ75 ኪሎ ከ225 እስከ 375 ግራም መሆኑ ነው። ቅዳሜ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠን 750 አውጥተን፣ ቀጥታ ፉል ቤት ገብተን በዘይት የረሰረሰ ፉል፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሁለት ዳቦ፣ ስኳር የተጨመረበት አቮካዶ ጁስ ስናዝ፣ ሩጫው ከወንበሩ ሳንነሳ ተመለሰ። ደግሞ «ዛሬ ሮጫለሁ» የሚለው ፈቃድ እስከ ማታ ይሠራል።

እኔ አሁን የማደርገው እንጀራውን ቦታ ቦታ ማስያዝ ነው። ዓርብ ማታ፣ ረጅሙ ሩጫ ከመድረሱ በፊት፣ ሳልሳሳ እበላለሁ። ጠዋት ሦስት ቴምር በሻይ። ሩጫው ከአንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል፤ እኔ ስድስት ትናንሽ ቴምር በኪሴ ይዤ ነው የምወጣው፣ 30 ግራሙን ይሞላልኛል። በስኳር የተበጠበጠ በሶ የሚይዝ ጓደኛም አለን፤ ጠርሙሱን ሲከፍት ከላይ እስከ ታች ይነጣል እንጂ ለጉልበት የሚስተካከለው የለም። ስመለስ የቤቱን ምሳ። እሑድና ሰኞ፣ እግሬ በማያርፍበት ሳይሆን በሚያርፍበት ቀን፣ ያው ሽሮ ያው ምስር ይቀርባል፤ እንጀራው ግን ግማሽ፣ ጎመኑ እጥፍ።

አንድ ነገር በጭራሽ ሳላነሳው አላልፍም። አብረውን ከሚሮጡት ሴቶች መካከል ክብደት ለመቀነስ ብለው ምግብም ቀንሰው ሩጫም ጨምረው የወር አበባቸው የቀረ አሉ። ይህ የጉብዝና ምልክት አይደለም፤ ሰውነት ጉልበት አጥሮት በር መዝጋቱ ነው፣ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል። ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ኖሮበት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይህን የኔን ጽሑፍ ይዞ ገበታውን እንዳይቀይር።

እንጀራ በተውኩባቸው ሦስት ሳምንታት ከሁሉም ያስከፋኋት እናቴን ነው። መሶቡን ስገፋ ዝም ብላ አየችኝ። እሷ ሰባ ሰባትን ወሎ ውስጥ ያሳለፈች ሴት ናት። በዕድሜዋ ሙሉ «ወፈርክ» ምርቃት፣ «ከሳህ» ደግሞ «አሞሃል ወይ?» ማለት ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ «በሰባ ሰባት ይኼን መሶብ የሚገፋ ሰው ባገኝ ምን አደርገው እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆነኝ። ሚዛኑ ዝግ እያለ፣ በወር ከአንድ ኪሎ ባነሰ ፍጥነት ወርዶ አሁን 73 ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ጫማ ሰፊው ጋ ሄጄ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አስጨመርኩ። እናቴ ስገባ አየችው።

«ደሞ ጀመርክ?» አለችና እንጀራውን ልታመጣ ተነሳች። ዓርብ ማታ ስለነበር አልከለከልኳትም።